የኦቦ ዲንሳ አባት ቁልቋል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ልጆች በግማሽ ቀን ፕሮግራም ሸኙኝ። አንድ ጋቢ፣ በመስተዋት የታሰረ የምስጋና ወረቀት፣ ከዚያም በቀይ ቀለም በተቀባ ማሰሮ ውስጥ የቆመ፣ ክንድ የማይሞላ ካክተስ ሰጡኝ። «ጋሼ ሽፈራው ዕድሜዎን በሙሉ ችግኝ ሲያሳድጉ ኖረዋል፤ ይህን ከአበባ መሸጫ መርጠን ያመጣነው ለዚያ ነው» አለች መድረኩን የምትመራው ልጅ። ተጨበጨበ። ተቀብዬ አመሰገንኩና ሰዉ ለስላሳ ሲከፋፈል ሳላስበው በሌባ ጣቴ ጎኑን ገፋ አደረግሁት። ዘንበል ብሎ የማሰሮው ጠርዝ ላይ ተጋደመ። ሥር የለውም። ባለሱቁ ከትልቁ ቆርጦ፣ አፈር ውስጥ ሰክቶ የሸጠላቸው ነው። ልጆቹ እንዳያፍሩ ብዬ ማንም ሳያይ ቀና አደረግሁትና ከግርጌው ጠጠር አስደግፌ አቆምኩት።

እንዲህ ስሠራ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር።

እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ። በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገብቼ እስከ ፎርማንነት ደርሻለሁ። የደመወዙን ነገር እንተወው፤ ልጆቼን አስተምሬበታለሁ፣ ይበቃል። እጃጂ የተዛወርኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ያኔ ጽድ ከዘር አፍልቼ፣ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ አሳድጌ ስንት ኮረብታ ያለበስኩ፣ ራሴን ችግኝ አዋቂ አድርጌ የምቆጥር ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ «አንተ ሰው ሊያስተምርህ ሲል ጆሮህ ይደፈናል» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እጃጂ እንደደረስኩ ለቦረቦር መከላከያ አጥር የሚሆን ቁልቋል እንድናባዛ ትእዛዝ መጣ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ካክተስ» ተብሎ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ «ጋሼ፣ ቁልቋል እኮ ካክተስ አይደለም፣ ዘሩ ሌላ ነው» ብሎ ሲያስረዳኝ «ታዲያ ቅጹን ለምን አታስተካክሉትም?» ብዬዋለሁ። ቅጹ እስካሁን ካክተስ ነው የሚለው። እኛ ቁልቋል እንለዋለን፣ የአካባቢው ገበሬ አዳሚ ይለዋል። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ከወገቡ በላይ ክንዶቹን ወደ ላይ የሚዘረጋው ነው። ከብት አይበላውም። ሲቆርጡት የሚፈሰው ወተት ዓይን ስለሚያጠፋ ሰውም አይደፍረውም። ለአጥር ከእሱ የተሻለ የለም።

እኔ እንደ ባሕር ዛፍ መስሎኝ ጠዋት አስቆርጬ ከሰዓት በኋላ ማስተከል ጀመርኩ። የጣቢያው ጥበቃ ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያዩኛል። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። አጠገባቸው ስደርስ ቀስ ብለው «ሽፈራው፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ትቀብረዋለህ?» አሉኝ። «ኦቦ ዲንሳ፣ እርስዎ በሩን ይጠብቁ» አልኳቸው። ይህን ማለቴን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። እሳቸው ግን «ቶሌ» ብለው፣ እሺ ማለታቸው ነው፣ ወደ በራቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ወር የተከልኩት ሁሉ ከግርጌው በስብሶ ተኛ። ያን ጊዜ ወደ በሩ ሄጄ ጥበቃው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ቁልቋል የሚቆረጠው በበጋ፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። ክንዱ ወድቆ እንዳይሰበር መጀመሪያ በጆንያ ይጠቀለልና በገመድ ይታሰራል። ከዚያ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ፣ ክንዱ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት በቀጭኑ ቦታ ይቆረጣል። ወተቱ እንዲቆም ውኃ ይረጭበታል፣ የእናቲቱም የልጁም ቁስል አመድ ይደረግበታል። ሳይቆረጥ በፊት ፀሐይ መውጫውን የሚያየው ጎን በከሰል ምልክት ይደረግበታል፤ ሲተከልም ያው ጎን ወደ ፀሐይ መውጫ ይዞራል። ጥላ ለምዶ የኖረውን ጎን ድንገት ለከሰዓት ፀሐይ ከሰጡት ቢጫ ሆኖ ይቃጠላል። ይህን ኮርስ ላይ ማንም አልነገረኝም።

የተቆረጠው ክንድ ጥላ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጠጠር ላይ ቆሞ ያርፋል። አይጋደምም፣ ከተጋደመ ይጎብጣል። ቢያንስ አንድ ወር ይቆያል። ኦቦ ዲንሳ በየሦስት ቀኑ እየዞሩ የቁስሉን ፊት በጥፍራቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። እንደ ገበሬ ተረከዝ ሲደርቅና ሲጠነክር «አሁን አፈር አይፈራም» ይላሉ። ገረጋንቲ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ስንዝር ያህል ብቻ ገብቶ ይተከላል፣ ከአጠገቡ እንጨት ተቸክሎ በገመድ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ዐሥር ቀን ውኃ የሚባል አያይም።

ገመዱ የሚፈታው ሥር ሲይዝ ነው። ሥር መያዙ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። ቁልቋል ውስጡ ባለው ውኃ ብቻ ያለ ሥር ወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ኦቦ ዲንሳ ገመዱን ያላሉና በአንድ ጣት ይገፉታል። እምቢ ካለ ይዟል። ከተወዛወዘ ገመዱን መልሰው ያስራሉ። «ገመድ ያለበትን ያየ ሰው ገና መሆኑን ያውቃል» ይሉኝ ነበር።

ቁልቋል ሲቆርጡ ከዋሉ እጃቸውን በአመድና በሳሙና እስኪታጠቡ ድረስ ወደ ኋላ አጣምረው ነበር የሚሄዱት፤ ረስተው ዓይናቸውን እንዳይነኩ። እኔም ለምጄዋለሁ። አሁን አምቦ ከተማ ውስጥ ስሄድ ሰው ትልቅ ባለሥልጣን የነበርኩ ይመስለዋል።

ካቺሲ ስዛወር ኦቦ ዲንሳ ከአባታቸው መቃብር ቁልቋል አንድ ክንድ በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከፍየልና ከፍራሽ ጋር ተጭኖ ሄደ፤ የካቺሲ ችግኝ ጣቢያ በር ላይ ተከልኩት። በቤተሰባቸው ልማድ ሰው ሲቀበር ከዚያ ቁልቋል አንድ ክንድ ይቆረጣል፣ ጥላ ውስጥ ያርፋል፣ በወሩ በሟቹ ራስጌ ይተከላል። ዛፉ ያለው ከእጃጂ ወጣ ብሎ፣ ግቢያቸው ዳር ባለው የአባታቸው መቃብር ላይ ነው። ለባዕድ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩን ቀለል አድርጌ ነው ያየሁት።

ከካቺሲ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሐሮ ወንጪ ሠርቻለሁ። እዚያ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ካልመከርኩህ እያለ፣ ክንዶቹን በሙሉ ጫፋቸውን ወደ መሬት ገልብጦ ተክሎ «አንተ የላክኸው አያበቅልም» ብሎ ሊከሰኝ ነበር። ከዚያ እንደገና እጃጂ ተመለስኩ፤ አሁን የምናገረው ስለዚያኛው ጊዜ ነው።

ስመለስ ከኦቦ ዲንሳ ግቢ በታች የነበረው ትንሽ ቦይ ትልቅ ቦረቦር ሆኖ ጠበቀኝ። በየክረምቱ አፉን እያሰፋ ወደ መቃብሩ ይመጣል። ከብት እንዳይገባበት ጎረቤቶቹ ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል፣ ግን እሾህ በየዓመቱ ይበሰብሳል። ቁልቋል መተከል አለበት ተባለ። በአካባቢው ለዚያ የሚበቃ ክንድ ያለው የአባታቸው ዛፍ ብቻ ነው። ኦቦ ዲንሳ ለሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ከጥበቃ በራቸው ተነሥተው እኔ ወዳለሁበት መጥተው «አባቴ ራሱን ይጠብቅ። ቁረጥ» አሉኝ። «ግን ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው። ጣሪያ ሥር ወር ሙሉ ታሳርፈዋለህ። ሂን ጀርጀሪን።» አትቸኩል ማለታቸው ነው። ቃል ሰጠሁ።

ሃያ ሁለት ክንድ ቆረጥን። ሁሉንም ምልክት አድርገን፣ አመድ ነስንሰን፣ መጋዘኑ ውስጥ ግድግዳ አስደግፈን አቆምን። በሳምንቱ ኦቦ ዲንሳ እግራቸውን ታመው አምቦ፣ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ለሊሴ ዘንድ ለሕክምና ሄዱ።

ክንዶቹ በተቆረጡ በዘጠነኛው ቀን አለቃዬ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላዩ የሚጮኹበት ሰው ነበር። «ሽፈራው፣ ሐሙስ ጎብኚ አለ። ቦረቦሩ ታጥሮ መታየት አለበት» አለኝ።

«ቁስሉ አልደረቀም። ሦስት ሳምንት ይቀረዋል» አልኩት።

«ቁልቋል አይደል እንዴ? ድንጋይ ላይ የሚበቅል ነገር። ደግሞ ይኼ የእሾህ አጥር ይነሳ፤ ፎቶ ያበላሻል። እንጨትና ገመዱም ይቅር።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ከዚያ በፊት እምቢ ብዬው የማውቅበት ጊዜ አለ፣ ተኮሳትሮ ከመሄድ በቀር ምንም አላደረገኝም። የዚያን ቀን ግን የፎርማንነት እድገቴ ገና እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ረቡዕ በዝናብ ውስጥ ተከልናቸው። የእሾህ አጥሩን አነሳን፤ ሠራተኞቹ ለማገዶ ተከፋፈሉት። ሐሙስ ጎብኚዎቹ መጡ፤ ሃያ ሁለቱም እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆመዋል። አለቃዬ ፎቶውን በቴሌግራም ለቀቀው። እኔም ሁሉም ጸድቀዋል የሚል ቅጽ ላይ ፈረምኩ።

ስህተቴ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልጽፈውም ነበር።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ብቻዬን ወርጄ የመጀመሪያውን በጣቴ ገፋሁት። ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። ግርጌያቸውን አየሁት፤ ብስባሱ ገና ከታች ነው፣ ከዚያ በላይ ሥጋው ነጭና ጤነኛ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት በደንብ አውቃለሁ። ነቅሎ ነጩ እስኪመጣ መቁረጥ፣ አመድ፣ ጥላ፣ በጋውን ማሳረፍ። ሃያ ሁለቱም ይድኑ ነበር። ግን ከነቀልኳቸው ሰው ያያል፤ ካየ «ጸድቋል አላላችሁም ወይ?» ይላል። ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ የወደቁትን ቀና አድርጌ፣ ከመሬት በታች ድንጋይ እያስደገፍኩ፣ ድንጋዩን በአፈር ሸፈንኩት። አጎንብሼ ስሠራ ስልኬ ጠራ። ኦቦ ዲንሳ ናቸው፣ ከአምቦ።

ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ከጠየቁ በኋላ «ሂዳ ቀበቴራ?» አሉኝ። ሥር ይዟል ወይ ማለታቸው ነው።

«ይዟል» አልኳቸው። በእጄ ላይ ጭቃው እንዳለ ነው።

«ገፍተህ አየኸው?»

«ገፍቻለሁ።»

«ገለቶሚ ሽፈራው» ብለው አመሰገኑኝ፣ ዘጉት።

ጥር ላይ ከዘራ ይዘው ተመለሱ። በማግስቱ አብረን ወረድን። ሃያ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ኦቦ ዲንሳ ወደ አንዱ ጠጋ ብለው ጣታቸውን ዘረጉ። ቁልቋሉ ሳይጮኽ ተኛ፣ ከግርጌውም የደገፍኩት ድንጋይ ብቅ አለ። ድንጋዩን አዩት። ክንዱን በማጭዳቸው ከላይ ከጫፉ ከፈቱት፤ ውስጡ እስከ ጫፍ ቡናማ ሆኗል። ሌላ አንድም አልገፉም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ ሳይዞሩ፣ «ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ» አሉ። እኔ ስለ ሪፖርቱና ስለ አለቃዬ ብዙ አወራሁ። ሁሉንም ሰምተው «ሱታ ና፣ ዳገቱ ያንሸራትታል» ብቻ አሉኝ፤ ቀስ ብለህ ማለታቸው ነው።

እሾሁ የለም፣ ቁልቋሉ ወደቀ፤ ከብቱ ገባ። የከብቱ መንገድ በክረምት የጎርፍ መንገድ ሆነ። የዚያ ዓመት ነሐሴ ቦረቦሩ መቃብሩ ጋ ደረሰ። ክንዶቹን የቆረጥንበት ሽማግሌ ዛፍም ከነሥሩ ተገነደሰና ጎርፍ ወሰደው። የአባታቸውን አፅም ጎረቤቶቹ ተሯሩጠው ወደ ላይ አዛወሩት። እኔ ያን ቀን አምቦ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የፎርማንነት ደብዳቤው ከዚያ ቀደም ብሎ ደርሶኛል።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ዲንሳን እየሸሸሁ ኖርኩ። ጥበቃውን ትተው ቤት ዋሉ፣ እኔም ወደ አምቦ ዝውውር ጠየቅሁ። ሰላምታ በሰው እልካለሁ፣ ሰላምታ በሰው ይመልሳሉ። ታመዋል ሲሉኝ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ቆየሁ። ያረፉ ቀን ነው የሄድኩት። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ የሚያርፈውን ክንድ ሊያስቆርጡ ማጭድ አስመጡ፤ ከዚያ ዛፉ እንደሌለ ትዝ አላቸውና ማጭዱን ይዘው ቆሙ። ለሊሴ «ከአያቴ ዛፍ የትም የቀረ የለም ወይ?» ብላ ሰዉን ጠየቀች። ካቺሲ እንዳለ አውቃለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከተናገርኩ ግን ሌላውም ሁሉ ይከተላል ብዬ ፈራሁ። ኦቦ ዲንሳ ራስጌያቸው ባዶ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ሌሎች ሦስት ዓመታት ዝም አልኩ።

ያንን የስጦታ ካክተስ ያስደገፍኩበት ጠጠር ነው ያስነሳኝ። ቤት ገብቼ ነቀልኩት፣ ቁስሉን አጽድቼ መስኮት አጠገብ ጥላ ውስጥ አቆምኩት። በሳምንቱ ካቺሲ ሄድኩ። ጣቢያው በር ላይ ያለው ቁልቋል ከጥበቃ ቤቱ ጣሪያ አልፎ ሄዷል። ወሩ ጥር ነበር። አስፈቅጄ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ፀሐይ መውጫውን በከሰል ምልክት አድርጌ አንድ ክንድ ቆረጥኩ። አምቦ ቤቴ አርባ ቀን አሳረፍኩት። ባለቤቴ «ሕፃን ነው እንዴ አርባ ቀን የምትጠብቀው?» ብላ ሳቀችብኝ። ቁስሉን በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግሁት፤ ተረከዝ ሆኗል። ከዚያ ለሊሴ ጋ ደወልኩ።

አብረን ወደ እጃጂ ሄድን። በኦቦ ዲንሳ መቃብር ራስጌ ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨረስኩና አካፋውን አስቀመጥኩ። «ለሊሴ፣ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ይህን አልተክልም» አልኳት። ነገርኳት፤ ቃሌን፣ ድንጋዩን፣ በስልክ ያልኩትን፣ በቀብሩ ቀን ዝም ያልኩትን።

«የድንጋዩን አውቃለሁ ጋሼ። አባዬ ነግሮኛል» አለች።

«ምን ብለው?»

«‹ፈርቶ ነው› አለኝ። ‹አንድ ቀን መጥቶ ራሱ ይነግረኛል› ይል ነበር። ታሞ ተኝቶ በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ሽፈራው ነው?› እያለ ይጠይቀኝ ነበር።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀሴን አልደብቅም። ለሊሴ ክንዱን ይዛልኝ ቆመች፤ ስነሳ ምልክቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረን፣ ስንዝር ያህል አስገብተን፣ እንጨት ቸክለን በገመድ አሰርነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ ላየው ሄድኩ። አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ፎቶ ቢያነሱት ማንም የጸደቀ ነው ይላል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ለሊሴ ጋ ደወልኩላት።

«ሂዳ ቀበቴራ?» አለችኝ፣ ልክ እንደ አባቷ።

«ቆይ፣ ልግፋው» አልኳት። ስልኩን ሳልዘጋ ገመዱን አላልቼ ጣቴን ዘረጋሁ። ተወዛወዘ።

«ገና ነው ለሊሴ፣ አልያዘም» አልኳት፤ ገመዱንም መልሼ አሰርኩት።